ነቅዐ ብርሃን በኤልኢዲ (ለማይክሮስኮፕ)

በማይክሮስኮፕ ውስጥ የሃሎጅንን አምፖል ተክቶ፣ በሠሪው እጅ ለመሣሪያው ልክ የሚበጅ የብርሃን ምንጭ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ከለር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 በደነገገው የማብራት ሥርዓት መሠረት፣ ሰብሳቢው ሌንስ የኤልኢዲውን ምስል በኮንደንሰሩ ዲያፍራም ላይ ሊያሳርፈው ይገባል፤ በናሙናው ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ግን፣ የኤልኢዲው ቢጫ ገጽ ከነጠርዙ ከሚመረመረው ነገር ጋር ተደርቦ እየታየ ተመልካቹን ያስታል። ነጩ ኤልኢዲ በ3 ቮልት ገደማ ቢበራም፣ ጥቂት የቮልት ጭማሪ ከረንቱን እጅግ ስለሚያንረው፣ የማይዋዥቅ ከረንት በሚሰጥ መሣሪያ ይመገባል፤ ሙቀቱንም ከጀርባው የተጣበቀ አሉሚኒየም ይቀበለዋል። ብዙዎች ኃይለኛውን ኤልኢዲ ይሻሉ፤ ነገር ግን ብርሃን ሰጪው ገጽ ሌንሱ ሊቀበል ከሚችለው በላይ ከሰፋ ትርፉ ሙቀት ብቻ ነውና፣ ትንሹና ደማቁ ይመረጣል።