የተበላሸ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፦ ፋይሎቻችንን እቤት ውስጥ እንዴት እናድን?

የሰርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለዓመታት የተሰበሰቡ የዳዕዋ ቅጂዎች፤ ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ በአንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠናል። አንድ ቀን ዲስኩ ከእጃችን አምልጦ ይወድቃል፤ ወይም ፋይል እየገለበጥን ሳለ መብራት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ዲስኩን አልከፍት ይላል። በዚህ ጊዜ ፋይሎቹ ጠፍተዋል ማለት አይደለም። ሊድን ይችል የነበረውን ፋይል ጨርሶ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ በድንጋጤ የምንወስደው እርምጃ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንመልከት።

1. በመጀመሪያ ድምፁን እናዳምጥ

በዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ፤ በብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራሉ። መረጃውን የሚያነበው ክፍል ሳህኑን ሳይነካ እጅግ ቀርቦ ይንሳፈፋል። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ወይም የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ወዲያውኑ እንንቀለው። ደጋግመን ከሞከርን ሳህኑ ሊፋቅ ይችላል፤ በተፋቀው ቦታ ላይ የነበረውን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ዲስኩን ፈትተን ሳህኑን መክፈትም ሆነ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የለብንም፤ አቧራና እርጥበት የቀረውንም ያበላሻሉ። እንዲህ ያለው ብልሽት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ያላቸው ባለሙያዎች ሥራ ነው።

2. ኬብሉንና ኃይሉን እንፈትሽ

ድምፁ ጤናማ ከሆነ ሌላ ኬብል፣ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ሌላ ኮምፒውተር እንሞክር። ዲስኩን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ እንሰካው፤ ኃይል ሲያንሰው የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ከዚያም በዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ከፍተን እንመልከት። የዲስኩ መጠን በትክክል ከታየ ጥሩ ተስፋ አለ።

3. «ፎርማት ይደረግ?» ሲለን እምቢ እንበል

ዊንዶውስ ማንበብ ያቃተውን ዲስክ ፎርማት እንድናደርግ ወይም «ኢኒሻላይዝ» እንድንል ይጠይቀናል። ሁለቱንም አንቀበል። «ቼክ ዲስክ» የሚባለውንም ፋይሎቹን ሳናወጣ አንጠቀም። እሱ የሚያስተካክለው የዲስኩን የፋይል አደረጃጀት ሲሆን፣ በዚህ መሀል ፋይሎቻችን ሊቆራረጡ ይችላሉ። በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፍበት።

4. ሙሉ ቅጂ እናውጣ

ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ፋይል ከመፈለጋችን በፊት ሙሉውን ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ እንቅዳ። በሊኑክስ ላይ የሚሠራው «ዲዲሬስኪው» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተመቸ ነው። በቅድሚያ ጤነኛውን ክፍል ይቀዳል፤ ወደ ተጎዳው የሚመለሰው በኋላ ነው። የደረሰበትን በማስታወሻ ፋይል እንዲመዘግብ ካደረግነው፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ለ1 ቴራባይት ዲስክ ከዚያ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያስፈልገናል። በሰከንድ 35 ሜጋባይት ቢቀዳ ወደ 8 ሰዓት ይፈጃል፤ የተጎዳ ዲስክ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ትእዛዙን ስንጽፍ ምንጩንና መድረሻውን ሁለት ጊዜ እናረጋግጥ፤ ካቀያየርናቸው ባዶው ዲስክ በፋይሎቻችን ላይ ይገለበጣል።

5. ፋይሎቹን ከቅጂው ላይ እንፈልግ

«ቴስትዲስክ» እና «ፎቶሬክ» አብረው የሚመጡ ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው። ቴስትዲስክ የጠፋውን ክፍልፋይ ፈልጎ ፎልደሮቹን ከነስማቸው ሊያሳየን ይችላል፤ እኛም የምንፈልገውን ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጣለን። «ራይት» የሚለውን ምርጫ ግን አንንካ፤ እሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ይህ ካልሠራ ፎቶሬክን እንጠቀም። ፎቶሬክ ፋይሎችን በይዘታቸው ለይቶ ያወጣል፤ የቀድሞ ስማቸውንና ፎልደራቸውን ግን አይመልስም። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን አንድ በአንድ ለመለየት ትዕግሥት ያስፈልጋል።

6. ከዚያ በኋላስ?

አንድ ጊዜ የታመመ ዲስክ ዳግመኛ አይታመንም። ከዚህ በኋላ አስፈላጊ ፋይሎቻችን 3 ቅጂ ይኑራቸው፤ በ2 የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ይሁኑ፤ ከእነዚህም 1ዱ ከቤት ውጭ፣ በዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ። ዲስካችን ዛሬ ጤነኛ ከሆነም ሁለተኛውን ቅጂ ለነገ አናሳድረው።