የበሽታው ምልክት፣ የመድኃኒቱ መንገድ፦ እ.ኤ.አ. የ1988ቱ የኢንተርኔት ትል ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። አንድ ኮምፒውተር በጎጂ ፕሮግራም መያዙ በምን ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ መቅደም ያለበት በርን መዝጋት ነው ወይስ ለጎረቤት መንገር? ጥያቄዎቹ ለባለሙያ ብቻ የተተዉ ይመስላሉ። ታሪኩ ሲመረመር ግን አንድ የምሁራን ማኅበረሰብ በጭንቅ ሰዓት እንዴት ሊተሳሰብ እንደሚገባው የሚጠይቁ ሆነው ይገኛሉ። ለዚህ ማስረጃ የምጠራው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ምሽት በአሜሪካ የጀመረውን ክስተት ነው።

አስቀድሜ ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1971 ክሪፐር የተባለ የሙከራ ፕሮግራም በአርፓኔት መረብ ላይ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር፤ እርሱን እያሳደደ የሚያጠፋ ሪፐር የተባለ ሌላ ፕሮግራምም ተጻፈ። በ1984 ደግሞ ፍሬድ ኮኸን ባቀረበው ጥናት ቫይረስ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞችን እየለወጠ የራሱን ቅጂ የሚያኖርባቸው ፕሮግራም እንደ ሆነ በየነ። ትል የሚባለው ግን በሌላ ፕሮግራም ላይ መጣበቅ ሳያሻው በራሱ ቆሞ በመረብ የሚሰራጭ ነው። ኮኸን ከብያኔው ጋር አንድ ከባድ እውነት አስከትሏል፤ ማንኛውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በሒሳብ አሳየ። ስለዚህ የሰው አስተዋይነት ከሥራው ሊሰናበት አይችልም ማለት ነው።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። በበርክሌይ፣ በኤም.አይ.ቲ. እና በሌሎች ተቋማት ያሉ የሥርዓት አስተዳዳሪዎች በመጀመሪያ ያስተዋሉት ማሽኖቻቸው ያለ ምክንያት መዘግየታቸውን ነው። ማንም ያልጀመራቸው ሥራዎች እየበዙ ሄዱ፤ በጊዜያዊ ማኅደሮች ውስጥ እንግዳ ፋይሎች ታዩ፤ በኢሜይል አስተላላፊው መዝገብም ያልተለመዱ መልእክቶች ተገኙ። ማሽኑን አጥፍተው ቢያስነሡት ጥቂት ቆይቶ ዳግመኛ ይያዛል። ፕሮግራሙ ስሙን እንደ ተራ የዩኒክስ ትእዛዝ ተቀባይ አስመስሎ፣ ፋይሎቹንም ከዲስክ እየሰረዘ ይሠራ ስለ ነበር በስሙ ሊያውቁት አልቻሉም። ያጋለጠው ጠባዩ ነው።

የገባባቸው በሮች ሦስት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ሴንድሜይል በተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥ ለሙከራ ተብሎ ክፍት የተተወ አሠራር ነው። ሁለተኛው የተጠቃሚን መረጃ የሚሰጠው የፊንገር አገልግሎት የሚቀበለውን ጽሑፍ ርዝመት አለመለካቱ ነው። ሦስተኛው ሰው ራሱ ያበጀው ድካም ሲሆን፣ ይኸውም በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃልና ማሽኖች እርስ በርሳቸው ያለ ጥያቄ መተማመናቸው ነው። ትሉ 432 ቃላት የያዘ የራሱ ዝርዝር ነበረው፤ ከዚያም እያወጣ የይለፍ ቃላትን ይገምት ነበር።

ፋይል አላጠፋም፤ ምስጢርም አልሰረቀም። ጉዳቱ የመጣው ከመባዛቱ ነው። ትሉ በአንድ ማሽን ላይ ሌላ ቅጂ ካገኘ ከሁለቱ አንዱ እንዲያቆም ታስቦ ነበር፤ ይሁን እንጂ አስተዳዳሪዎች ሐሰተኛ ቅጂ አስመስለው እንዳያታልሉት ከ7 ጊዜ አንዱን ምንም ቢሆን እንዳያቆም ተደረገ። ይህች ትንሽ ቁጥር ማሽኖቹን በቅጂ ብዛት አስጨንቃ ከሥራ ውጭ አደረገቻቸው።

የመፍትሔው ታሪክ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት አለው። ብዙዎች ደንግጠው ማሽኖቻቸውን ከመረቡ ነቀሉ። እርምጃው መዛመቱን ቢገታም መድኃኒቱ የሚመጣው በዚያው መረብ ነበርና የነቀሉት ሰዎች ማስተካከያውን ሳያገኙ ቆዩ። የትሉ ጸሐፊ ባልንጀራ ከሃርቫርድ ስሙን ሳይገልጽ የላከው የይቅርታና የምክር መልእክትም በተጨናነቀውና በተቆራረጠው መረብ ምክንያት በጊዜው አልደረሰም። በዚህ መካከል የበርክሌይና የኤም.አይ.ቲ. ቡድኖች የትሉን ቅጂ ይዘው፣ የማሽን ቋንቋውን ወደ ሰው ንባብ እየመለሱ አሠራሩን ገለጡ። የመጀመሪያው የሴንድሜይል ማስተካከያ ከበርክሌይ የተሰራጨው በማግሥቱ ከንጋት በፊት ነው። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዩጂን ስፓፎርድም ባለሙያዎች የሚነጋገሩበትን የመልእክት መስመር ከፍቶ ዝርዝር ትንታኔ ጻፈ።

ጸሐፊው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ ነበር። በ1990 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ የ3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ10,050 ዶላር መቀጫ ተፈረደበት። ዘግይቶም በኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር ሆነ። ከክስተቱ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰርት የተባለው የድንገተኛ ምላሽ ማእከል ተቋቋመ።

የታሪክ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እሻለሁ። በየመጽሐፉ የሚደጋገመው «6,000 ኮምፒውተሮች ተያዙ» የሚለው አኃዝ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ከመረቡ ጋር ወደ 60,000 ማሽኖች ተገናኝተዋል፣ አሥር በመቶው ሳይያዝ አይቀርም ከሚል ግምት የወጣ ነው። ግምት በመደጋገም እውነት መስሎ ሲኖር እርሱም እንደ ትሉ ራሱን ያባዛል።

እንግዲህ ከዚያች ሌሊት ምን እንወርሳለን? በየቤተ ሙከራችን ከፍላሽ ዲስክ የገባ ቫይረስ ፋይሎችን ሲሰውር ብዙዎቻችን አፍረን ዝም እንላለን፤ ፍላሹንም ወደሚቀጥለው ማሽን እንሰካለን። የ1988ቱ ሰዎች መንገድ ሌላ ነበር። የማሽኑን ጤነኛ ጠባይ አስቀድመው ስላወቁ ሕመሙን ለዩ፤ ቅጂውን ጠብቀው መረመሩ፤ ያገኙትንም ሳይውል ሳያድር አካፈሉ። ማሽንን ማግለል ተገቢ ነው፤ ሲያገልሉ ግን የመነጋገሪያ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለማሽንም የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል።