የቃል ትምህርት በዋግ፦ የማስታወስ ሙያ ታሪክ

በዋግ ምድር፣ ከሰቆጣ ደጋ አንሥቶ ወደ ተከዜ ቆላ እስከሚያዘቀዝቀው የጽጽቃ አካባቢ ድረስ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመተከሉ በፊት ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በዋናነት በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ሽማግሌዎች የዘር ሐረግንና የርስትን ነገር የሚያወርዱበት የአፍ ትውፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው በየደብሩ ቅጥር የሚሰጠው የአብነት ትምህርት፣ ማለትም ተማሪው የመምህሩን ቃል፣ ዜማና ስልት ምሳሌ አድርጎ የሚቀበልበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ሁለቱም በማስታወስ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱ የወጣው ፍሬ እጅግ የተለያየ በመሆኑ፣ የሰው አንጎል እንዴት እንደሚማርና እንደሚያስታውስ ለሚመረምር ሰው የዋግ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

የአፍ ትውፊቱ ዋና ባለቤት የዋግ ሹም፣ ማለትም የዋግ ገዢዎች ቤት ነው። መንግሥት በ1262 ዓ.ም. ከዛጔ ሥርወ መንግሥት ወደ ይኩኖ አምላክ ሲተላለፍ የዛጔ ዘር ዋግን ይዞ እንደቀረ የሚተርከው ታሪክ በአፍም በጽሑፍም ወርዷል። ሆኖም የዛጔ ነገሥታት ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የነገሥታቱ ቁጥርም ተራቸውም አይገጥምም፤ የዘመኑም ርዝመት በአንዱ 133፣ በሌላው 333 ዓመት ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው የሰማውን ታሪክ የሚያስታውሰው ከጎተራ እህል እንደሚዝቅ አይደለም፤ በተናገረው ቁጥር እንደገና ይሠራዋል፣ ያልገባውን ያስወግዳል፣ የጎደለውን በልማዱ ይሞላል። የዘር ሐረግ ደግሞ ርስትና ሹመት የሚጠየቅበት ስለሆነ፣ ተራኪው ሳይታወቀው ወደ ወገኑ ቢያዘነብል የሚያስገርም አይሆንም።

የአብነት ትምህርት በአንጻሩ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳትዛነፍ የተሠራ ነው። አንድ መዝሙረ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየልና በግ ቆዳ መፋቅና መወጠር፣ ከዚያም የጸሐፊው የወራት ድካም ያስፈልግ ስለነበር፣ መጽሐፍ በደብሩ ጥቂት፣ በጀማሪ ተማሪ እጅ ግን ጨርሶ የማይገኝ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቃል ለመያዝ የተሰናዳ ሆነ። ሕፃኑ ፊደል ሲቆጥር በስንደዶ ጫፍ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ይጠራታል፤ የሚያስቆጥረውም ብዙ ጊዜ የኔታ ሳይሆኑ ከእርሱ ጥቂት ከፍ ያለ ተማሪ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ጆሮ ከዓይን ስለሚቀድም ልጁ ቅርጹን ሳይለይ «ሀ ሁ»ን በተርታው ብቻ ሊያነበንበው ይችላል። ይህን ጉድለት የሚያጋልጠው አቡጊዳ ነው፤ በአቡጊዳ ፊደሉም ድምፁም በሌላ ተራ ስለሚደረደር የጆሮ ልማድ አያድንም፣ ዓይን እያንዳንዱን ቅርጽ ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚያ የሚከተለው ንባብም በመልእክተ ዮሐንስ ይጀመርና በደረጃ ይሄዳል፦ ቃሉን በየፊደሉ ነጣጥሎ መጥራት ቁጥር ይባላል፤ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያም ውርድ ንባብ ይመጣል፤ ድምፅን ጠብቆ አቀላጥፎ ማንበብ ደግሞ ቁም ንባብ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ጸጥታ በሌለበት ግቢ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ ሦስተኛው ዜማ ይቀጽላል፤ የኔታ ግን ከመቀመጫቸው ሳይነሡ የአንዱን ስሕተት ለይተው ያርማሉ። ኮሊን ቼሪ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳረጋገጠው፣ ሰው በብዙ ድምፅ መካከል አንዱን መርጦ መከተል ይችላል፤ ከሌላው ንግግር ግን የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው። መምህሩ ከዚህ ወሰን የወጡ የሚመስሉት የሚነበበው ሁሉ አስቀድሞ በቃላቸው ስላለ ነው፤ ከሚጠብቁት የተለየው ድምፅ ራሱ ትኩረታቸውን ይስበዋል። 

የማስታወስ ሙያው እውነተኛ መልክ የሚታየው ግን በምሽት ነው። ቀን በፊደልና በንባብ የዋለ ተማሪ ሲመሽ የቃል ትምህርት ይቀበላል፤ ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስና የመሳሰሉት ያለ መጽሐፍ፣ በጨለማ፣ ሐረግ በሐረግ ይነገሩታል፣ እርሱም ተከትሎ ይላል። ሲነጋ የተቀበለውን ያለ ረዳት ማሰማት አለበት። በቤቱ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣናን ለሚናገር የዋግ ልጅ እነዚህ የግዕዝ ቃላት በመጀመሪያ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ናቸው፤ በዚህም ሁኔታው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ካደረገው ሙከራ ጋር በጣም ይቀራረባል። ኤቢንግሃውስ 2,300 ያህል ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት አዘጋጅቶ በቃሉ እያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ከተማረው ውስጥ ከግማሽ በላዩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደሚጠፋ፣ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገመ እንደሚሄድ አሳይቷል። የማለዳው ማሰማት የሚመጣው ልክ በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ ላይ ሲሆን፣ በመካከሉም እንቅልፍ አለ፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ በጆሮ ትይዩ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገኘው የማስታወስ አካል፣ የቀኑን ትምህርት እንዲጸና የሚያግዘው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይበልጣል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጠው መጽሐፉን ዘግቶ ራሱን የፈተነው ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ጥንካሬ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ በድግግሞሽ ብዛት ላይ ሳይሆን በዚህ በማሰማት ግዴታ ላይ ነው።

ድግግሞሹም ቢሆን ጊዜ አለው። 150ው መዝሙረ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ስለሚጸለይ እያንዳንዱ ክፍል በሰባት ቀን አንዴ ይመለሳል፤ ድጓ ግን፣ የዓመቱን በዓላት መዝሙር የያዘው በቅዱስ ያሬድ ስም የሚጠራው የዜማ መጽሐፍ፣ አብዛኛው ክፍሉ የሚዜመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዜማን በቃል ብቻ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559)፣ የግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍትንና ሊቃውንትን ከፈጀ በኋላ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ትውፊቱ ይናገራል። ከይዘት፣ ከድፋት፣ ከርክርክና ከመሳሰሉት ምልክቶች ሌላ፣ ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የሚጻፉት አንድ ሁለት ፊደላት እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ያስታውሱታል። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 እንደጻፈው የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር ቢሆንም፣ እያንዳንዱ ነገር ግን ብዙ ዝርዝር የተጠቀለለበት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ከድጓ ምልክት የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። ከዋግ የሚነሣ ተማሪ የድጓን ትምህርት ለመፈጸም ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ ይዞ በእግሩ ወደ ጋይንት ይወርዳል፤ የድጓ ማስመስከሪያ በዚያ ያለችው ቤተልሔም ናትና።

ቅኔ የሚሻ ደግሞ በላስታ አልፎ ወደ ዋድላ ይሄዳል። በዚያ የሚፈለገው ከዚህ በፊት ያልተባለ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀኘ ቅኔ በሌላ ጊዜ ቢደገም ነውር ነው። ሆኖም ሊቃውንቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሰሙትን ስምንት ቤት መወድስ ይዘው ይወጣሉ። ቼይስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 የቼዝ ተጫዋቾችን ሲፈትኑ ያገኙት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው፦ ባለሙያው ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ የጠጠሮች አቀማመጥን በቅጽበት ያስታውሳል፤ ጠጠሮቹ እንዲያው ከተበተኑ ግን ከጀማሪው እምብዛም አይሻልም። ቅኔ ሰሚውም የሚይዘው ግሱን፣ ቤቱንና ዜማውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው እንጂ ተፈጥሮ የተለየ አንጎል ስለሰጠው አይደለም።

ይህን ያላመኑ ተማሪዎች ግን መድኃኒት ሲፈልጉ ኖረዋል። «ቀለም እንዲገባ» ይወሰድ ከነበረው ሁሉ ስመ ጥሩ አብሾ ነው፤ ከአስተናግር ዘር እንደሚዘጋጅ ይነገራል። አስተናግር ስኮፖላሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያለው ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር ተመራማሪዎች በጤነኛ ሰው ላይ ጊዜያዊ የመርሳት ችግር ለመፍጠር የሚጠቀሙበት ነው። ከአብሾ በኋላ ስላበዱ ተማሪዎች የሚወራው ከዚህ አንጻር ተረት አይመስልም፤ በአብሾ ሊቅ ሆኑ የተባሉት ግን አብሾው እያለባቸውም የተማሩ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሥርዓቱ ዋጋ አስከፍሏል። ትርጉም ለዓመታት ይዘገያል፤ ብዙው ተማሪም የትርጓሜ ጉባኤ ሳይደርስ ይቀራል። ተማሪው በልመና የሚኖር ስለሆነ ረኀብ ሲገባ ጉባኤው ይፈታል፤ የ1880ዎቹ መጀመሪያ ክፉ ቀንም ሆነ የ1977ቱ ድርቅ በዋግ ላይ ክንዳቸው የከበደ ነበር። አለንጋውም ቢሆን ትኩረትን ወደ ፍርሃት እንጂ ወደ ቀለም አይመራም።

ዛሬ በዋግ ኽምራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በኽምጣናም ይሰጣል፤ ልጁ የሚያነበውን ከመጀመሪያው ቀን ይረዳል። የመማሪያ መጻሕፍቱን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የድሮውን ትምህርት በጅምላ «ሽምደዳ» ብለው ከመጣላቸው በፊት፣ ፊደሉን እንደ አቡጊዳ አበራርቀው ቢያስጠኑ፣ ትናንት የተማሩትን ዛሬ ጠዋት መጽሐፍ ዘግቶ ማሰማትንም ወደ ክፍል ቢመልሱት ተገቢ ነው።