የንክኪ መቆጣጠሪያ ብልሽት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ (ሐረር)

የንክኪ (ተች) መቆጣጠሪያ ብልሽት የሚባለው ባለ መስታወት የኤሌክትሪክ ምድጃ በጣት ሲነካ አልታዘዝ ማለቱ፣ ማንም ሳይነካው መብራቱ ወይም መጥፋቱ፣ አለዚያም ድምፅ እያሰማ መቆለፉ ነው። በሐረር ይህ ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይባላል። ይሁን እንጂ ከቦርዱ በፊት ሊጠረጠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ እነሱም እርጥበት፣ ጨው፣ የቮልቴጅ መዋዠቅና የግራውንድ መስመር መጓደል ናቸው። አራቱም ምድጃው ሳይፈታ ሊመረመሩ ይችላሉ።

መቆጣጠሪያው የሚጫን ቁልፍ የለውም። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ካለው መስታወት ሥር ትናንሽ የመዳብ ሰሌዳዎች ወይም ሞላዎች ተደርድረዋል። ጣት መስታወቱን ሲነካ በሞላው ዙሪያ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙሌት በጥቂቱ ይጨምራል፤ የመቆጣጠሪያው ቺፕ የሚለካው ይህንን ጭማሪ ነው። መጠኑ ጥቂት ፒኮ ፋራድ ብቻ በመሆኑ የውሃ ጠብታ ወይም ቁልፎቹ ላይ የተቀመጠ ድስት ጣት መስሎ ሊያሳስተው ይችላል። መስታወቱ ራሱ ሙቀት የሚቋቋም የመስታወት ሴራሚክ ሲሆን፣ የጀርመኑ ሾት ኩባንያ ለምድጃ የሚሆነውን ዓይነት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው።

በአብዛኞቹ ምድጃዎች ቺፑ መብራት በመጣ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፤ በዚያች ቅጽበት የለካውን «ማንም አልነካኝም» ብሎ እንደ መነሻ ይይዛል። መብራት ሄዶ ሳለ ምድጃውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል የተለመደ ነው። መስታወቱ ሳይደርቅ መብራት ከመጣ ግን መነሻው ይዛባል፤ ከደረቀም በኋላ ቁልፎቹ ላይታዘዙ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መስታወቱን ማድረቅ፣ ብሬከሩን አጥፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ምንም ሳይነኩ መልሶ ማብራት። ብዙ ምድጃ በዚህ ብቻ ወደ ሥራው ይመለሳል።

የሐረር ማድ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሥጋና ባቄላ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ይበዛል። በከተማዋና በዙሪያዋ የሚወደደው ሆጃ የተባለ ትኩስ መጠጥ ደግሞ ከወተትና ከጨው ጋር ይፈላል። ሆጃ ገንፍሎ ቁልፎቹ ላይ ሲፈስ ከንጹሕ ውሃ የበለጠ ችግር ያመጣል፤ ጨው የገባበት ፈሳሽ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለሚያስተላልፍ አንዱን ቁልፍ ከጎረቤቱ ጋር ያገናኛል። አንዱ ሲነካ ሌላው የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። በደረቅ ጨርቅ ብቻ ማበስ አይበቃም፤ ጨው ደርቆ ይቀርና በሚቀጥለው እንፋሎት እንደገና ይረጥባል።

ውሃውም ድርሻ አለው። የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር ለመጠጥ ውሃዋ በድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ላይ መደገፍ ጀመረች። ከኖራ ድንጋይ መሬት የሚወጣ እንዲህ ያለ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ማዕድን ስለሚበዛበት ነው። ያው ቅርፊት መስታወቱ ላይም ይቀራል። ደረቁ ብዙም አያውክም፤ ጨውና እርጥበት ይዞ ሲቆይ ግን ቁልፎቹን ያሳስታል። ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ በተጨመረበት አቼቶና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ መስታወቱን ስለሚጭር አይመከርም።

የአገሪቱ የቤት መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በዚያው ቀጭን ገመድ ላይ ምድጃው ሲጨመር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ምድጃውም ድምፅ አሰምቶ ይጠፋል ወይም የስህተት ቁጥር ያሳያል። ምጣዱ ሲጠፋ ምድጃው የሚስተካከል ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ነው። የስህተት ቁጥሮች ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከምድጃው ጋር የመጣውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። በብዙ ምድጃዎች ግን «ኤች» ፊደል መስታወቱ ገና ትኩስ መሆኑን፣ «ኤል» ደግሞ የልጆች መቆለፊያ መብራቱን ያመለክታል። መቆለፊያው አብዛኛውን ጊዜ የቁልፍ ምስሉን ለጥቂት ሰከንዶች በመጫን ይከፈታል፤ ይህን ባለማወቅ ብቻ ደህና ምድጃ ተሸክሞ ጠጋኝ ቤት መሄድ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የግራውንድ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጥንታዊ ከተማ ጀጎል ውስጥ ያሉት ነባር የድንጋይ ቤቶች የተሠሩት ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ አስቀድሞ ነው፤ ገመዱ የተዘረጋው በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሶኬቱ ፌዝና ኒውትራል ብቻ ሊኖረው ይችላል። የምድጃው የኤሌክትሪክ ረብሻ ማጣሪያ ግራውንድ ካላገኘ የብረት አካሉ የመስመሩን ግማሽ፣ 110 ቮልት ያህል ይይዛል። የሚፈሰው ኃይል አነስተኛ ቢሆንም እጅ ላይ ይነዝራል፣ የቁልፎቹንም ልኬት ያዛባል። የሚነዝር ምድጃ ግራውንዱ ሳይመረመር መብራት የለበትም። ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ደግሞ የጎረቤትን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

እነዚህ ሁሉ ታይተው ችግሩ ካልተፈታ ምድጃው ይከፈታል። አንድ ቁልፍ ብቻ ካልሠራ ከሥሩ ያለው ሞላ ከመስታወቱ ርቋል ወይም ቆሽሿል፤ ሁሉም ከሞቱ የቦርዱ የኃይል ክፍል ወይም ጠፍጣፋው ገመድ ይጠረጠራል። ሙቀት ፈልጎ የገባ በረሮም ቦርድ ሊያበላሽ ይችላል። ኢንዳክሽን ምድጃ ውስጥ ያሉ ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ጠጋኙ ቦርድ ይቀየር ሲል የሶኬቱን ቮልቴጅና ግራውንዱን በፊታችሁ እንዲለካ ጠይቁት።

መስታወቱ ከተሰነጠቀ ምርመራ የለም። ፈሳሽ በስንጥቁ ሰርጎ ኃይል ያለበት ክፍል ላይ ስለሚደርስ ወዲያውኑ ብሬከሩን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በሙጫ የተጣበቀ መስታወት ላይ አይበሰልም።