የሆለታ ገነት ጐበዛዝት፤ ለጥቁር አንበሳ ወጣት መኰንኖች የተጻፈ መታሰቢያ

የአንድ ደብር የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ስለ ሕንጻው አሠራር፥ ስለ ታቦቱ አገባብ፥ ስለ አለቆቹም ተራ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ከደጀ ሰላሙ ተነሥተው ወደ ጦርነት ሄደው ስላልተመለሱ ልጆች በእንደዚህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ሲጻፍ እምብዛም አይታይም። ሽማግሌዎቻችን የዓድዋን ጀግኖች ዘወትር ያነሣሉ፤ የታላላቆቹ አርበኞችም ስም በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን ይጠራል። ጢማቸው ሳያቀጠቅጥ፥ የጀመሩትን ትምህርት ሳይፈጽሙ የወደቁት ወጣቶች ግን በሁለቱ መካከል ተረስተው ቀርተዋል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ላይ የሆለታን ተማሪዎች ታሪክ፥ ከመካከላቸውም ስማቸው የታወቀውን የጥቂቶቹን ኑሮና ፍጻሜ ለመጻፍ ወደድሁ።

ሆለታ ገነት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የሠሩባት ስፍራ ናት። በ1927 ዓ.ም. በዚሁ ስፍራ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ ከስዊድን አገር የመጡ መኰንኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ሻምበል ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ለትምህርቱ የተመረጡት ልጆች አብዛኞቹ ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጡ፥ ፈረንሳይኛ ቋንቋ የሚያውቁ ነበሩ። ከዚያ በፊት በአገራችን ሰው ወታደር የሚሆነው ከአባቱ ወይም ከጌታው ጋር ዘምቶ፥ በዓይኑ አይቶ ነበር እንጂ በሰሌዳ ላይ ተጽፎለት አልነበረም። እነዚህ ግን ካርታ ማንበብን፥ ጦር በክፍል በክፍል መምራትን በመጽሐፍ ይማሩ ጀመር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ሲሻገር ገና ተማሪዎች ነበሩ።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የሆነው ከሆነ በኋላ ዋና ከተማውን የሚጠብቅ የተደራጀ ጦር አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሆለታ ልጆች በችኰላ ለተሰበሰበ ብርጌድ መኰንኖች ሆነው፥ ከደሴ የሚመጣውን መንገድ ይዘጉ ዘንድ ወደ ጣርማ በር ተላኩ። ከ1,500 በላይ ካሚዮን አስከትሎ የሚመጣው የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በዚያ ገደል መንገዱ ስለ ፈረሰበት ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ይጠግን ነበር። ልጆቹ ግን የሚያግዛቸው አይሮፕላን፥ ከኋላቸውም የሚደርስላቸው ጦር ስላልነበረ ቦታውን ለቀው ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጠላትም ሚያዝያ 27 ቀን ገባ።

በእነዚህ በሁለቱ ቀናት መካከል የተደረገ አንድ ነገር አለ፤ ከሌላው ሁሉ አብልጦ ሊታወቅ የሚገባው ይመስለኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ለባዶሊዮ በላከው ቴሌግራም፥ ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ «ወጣት ኢትዮጵያውያን» የሚባሉት ሁሉ ያለ ፍርድ በጥይት እንዲመቱ አዘዘ። የካቲት 12 ቀን ከመድረሱ ከዘጠኝ ወር በላይ አስቀድሞ፥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሳይወረወር፥ የተማሩት ልጆች ሞት የተፈረደ ነበር። በየካቲት የሆነው በቍጣ የተደረገ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቀን ማስታወስ ይገባቸዋል።

ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ ከሆለታ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ነቀምት ሄዱ። በዚያም በውጭ አገር ከተማሩ ሌሎች ወጣቶች ጋር ተገናኝተው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በእንግሊዝ አገር የከብት ሕክምና የተማረ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበረ፤ የተማሪዎቹ አለቃ ክፍሌ ናሲቡ፥ ከኤርትራ ተወላጆችም በላይ ኃይለአብ፥ በለንደን የተማረው ይልማ ዴሬሳም ከመካከላቸው ነበሩ። ለራሳቸውም 10 አንቀጽ ያለው ሕግ ጻፉ። በሕጉም የጦሩ አለቃ ለማኅበሩ ምክር እንዲታዘዝ፥ ገበሬው እንዳይበደል፥ ምርኮኛም በርኅራኄ እንዲያዝ፥ ከማኅበሩ አንድ ሰው ስንኳ አገሩን ጥሎ እንዳይሰደድ ተወሰነ። መንግሥት በፈረሰበት፥ የአገሩም መኳንንት ልብ በተከፋፈለበት በዚያ ወራት ጐልማሶች ተቀምጠው ገበሬ አይዘረፍ ብለው ሕግ መጻፋቸው ያስደንቀኛል። የዘመተ ጦር በባላገሩ ጓዳ ሲኖር ያየ ሰው የዚህን አንቀጽ ዋጋ ያውቃል።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አይሮፕላኖች በነቀምት አጠገብ በቦነያ ሜዳ ላይ ወረዱ። የመጡትም ምዕራቡን አገር በሰላም ለመረከብ አስበው ነበር። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ልጆች ከበው ተኰሱባቸው፤ አይሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮና አንቶኒዮ ሎካቴሊ የተባለው ስመ ጥር አብራሪ ጭምር 12 ኢጣሊያውያን ሞቱ፤ የተረፈውም አባ ቦሬሎ የሚባል የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ብቻ ነበረ። ስለ ምርኮኛ ርኅራኄ ከደነገገው ሕግ ጋር ይህን ሌሊት ማስታረቅ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የመጡት በጦር መሣሪያ አገር ሊይዙ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ኢጣሊያ በዚያ ሌሊት የሞቱባትን ሰዎች ስማቸውን አንድ በአንድ ጻፈች፤ ሎካቴሊንም ኒሻን ሰጥታ አከበረችው፥ በከተሞቿም መንገዶች በስሙ ተጠሩ። ከእኛ ወገን በዚያ ሜዳ በጨለማ ያደፈጡት ልጆች ግን ከጥቂቶቹ አለቆች በቀር ስማቸው በሕዝብ ዘንድ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ በጎሬ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጦሩ መሪ ሆኑ። ክረምቱ አልፎ መስኩ ሲደርቅ ጠላት ከየአቅጣጫው ከበባቸው፤ ጥይትም አለቀ። በጎሬ የነበሩት ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ሕዝቡን ለጠላት አትገዛ ብለው በማስተማራቸው በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ዐረፉ፤ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ሰማዕትነት ከተቀበሉ ገና አራት ወር ማለፉ ነበር። ራስ እምሩና አብረዋቸው የነበሩት ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ራስ እምሩ ፖንዛ ወደምትባል የኢጣሊያ ደሴት ተወሰዱ። ልጆቹ ግን አብዛኞቹ በአገራቸው እስረኞች ሆነው ቀሩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፈሰሰው ደም ሁሉም ያውቃልና አላስረዝመውም። በቦምቡ ነገር እጃቸው ሊኖርበት የማይችል፥ በእስር ቤት የነበሩት የጥቁር አንበሳ ልጆች ያን ጊዜ እየተመረጡ ተገደሉ። ክፍሌ ናሲቡ ሞተ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያምም ሞቱ።

የእነዚህን የሁለቱን ወንድማማች ነገር በአጭሩ ማለፍ አልችልም። አባታቸው በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘ ሕፃን ነበረ። የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ህንድ አገር ወስደው አሳደጉት፤ ቻርልስ ማርቲን የተባለው በእነርሱ ስም ነው። ሕክምናም ተምሮ ከብዙ ዘመን በኋላ አገሩንና ዘመዶቹን አገኘ። ልጆቹንም በእንግሊዝ አስተማረ። ጦርነቱ ሲነሣ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይሟገቱ ነበር፤ ልጆቻቸው ደግሞ በዚህ በአገራቸው መሬት ላይ ከሆለታ ልጆች ጋር ተሰለፉ። እንግሊዝ አገር ተቀምጠው መትረፍ ይችሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። ጦርነት አባቱን በሕፃንነቱ ከአገር አወጣው፤ ልጆቹን ግን ከአገር ሳይወጡ በላቸው። ሽማግሌው አባት መርዶአቸውን በሰው አገር ሰሙ፤ ከዚያም በኋላ እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ኖሩ።

በዚያው ዓመት ግንቦት 13 ቀን ተራው የደብረ ሊባኖስ ሆነ። ግራዚያኒ ራሱ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት እንደ ተገደሉ አስታወቀ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። የታሪክ መርማሪዎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ዲያቆናቱና የሆለታ ተማሪዎች በዕድሜ እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከተረፉት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልዶ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረ። ከራስ እምሩ ጦር ጋር በሽሬ ተዋጋ፤ ተከትሏቸውም እስከ ጎጀብ ሄደ፤ ከዚያ በኢጣሊያ ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ በ1936 ዓ.ም. ተመለሰ። ሁላችን በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እናውቀዋለን፤ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈበት «ትዝታ» ግን የታተመው በ1985 ዓ.ም.፥ እርሱ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲሆነው ነው። አንድ የተማረ ሰው ያየውን ለመጻፍ ይህን ያህል ዘመን ከቈየ፥ መጻፍ የማያውቀው ባልንጀራው ምን ያህሉን ይዞ እንደ ሞተ መገመት አያዳግትም። ሌላው ሙሉጌታ ቡሊ ነው። ከሆለታ ተማሪዎች አንዱ ሲሆን ከነጻነት በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥና ጄኔራል ሆነ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታሰሩት መኳንንት ጋር ተገደለ። ከጠላት እጅ ያመለጠውን የወገን ጥይት ገደለው።

በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ነበሩ። ከ120 በላይ ቢሞቱባቸውም አንድ ሰው አልተማረከባቸውም፤ የወደቁት አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ፍትሐት ተደርጎላቸው ዐረፉ። ለሆለታ ልጆች ግን ብዙዎቹ መቃብር የላቸውም። ጥቁር አንበሳ የሚለውን ስም በአዲስ አበባ ሕመምተኛው ስለ ሆስፒታሉ፥ ተማሪውም ስለ ትምህርት ቤቱ በየዕለቱ ይጠራዋል።

ቤተ ክርስቲያን ሙታንን በጸሎቷ የምታስባቸው በስመ ክርስትናቸው ነው። ታሪክ የሚጽፈው ደግሞ በዓለም ስማቸው። ስለዚህ የአንድ ወታደር ስም በመንግሥት መዝገብ ቢገኝ ስንኳ ቄሱ በምን ስም ሊያስበው እንደሚገባ የሚያውቁት እናቱና የክርስትና አባቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም አልፈዋል። በዚህ አጥቢያ በጠላት ዘመን፥ በኮሪያ፥ በኮንጎ፥ ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ ግንባር ያገለገሉ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ፤ ዛሬም በሕይወት ያሉ፥ ቅዳሴ ሲያስቀድሱ በዘንግ ተደግፈው የምናያቸው አሉ። ሰበካ ጉባኤው አንድ መዝገብ ቢከፍትላቸው፥ ስመ ክርስትናቸውን፥ የዘመቱበትን አገርና ዓመት፥ የሚተርኩትንም ሁሉ ከራሳቸው አፍ እየሰማ አንድ ጸሐፊ ዲያቆን ቢጽፍ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ሥራ አይደለም። ስመ ክርስትናው የጠፋ ሰው ቢኖርም መስመሩ ባዶ ይተውለትና የዓለም ስሙ ይጻፍ።