የተደበቀው ቁልፍ የማን ነው?

የዊንዶውስ ስውር ማስተካከያዎች ታሪክ እና የባለቤትነት ጥያቄ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ በሚሊዮኖች ኮምፒውተሮች ውስጥ የተቀመጠ አንድ ቁጥር አለ፤ 400። አንድ ሰው ሜኑ ከፍቶ የማውሱን ቀስት በአንድ መስመር ላይ ሲያሳርፍ፣ ቀጣዩ ዝርዝር እስኪከፈት ድረስ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ 400 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። ማሽኑ ደክሞት አይደለም። ቀስቱ በመንገዱ ሲያልፍ የነካው ሁሉ እየተከፈተ እንዳያስቸግር ሠሪዎቹ አስበው ያስገቡት መዘግየት ነው። ምክንያቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን 400 በዛብህ ወይስ አነሰህ ብሎ ባለቤቱን የጠየቀ የለም፤ ቁጥሩን መቀየሪያ ቦታም በግልጽ አልተቀመጠለትም። ያለው ሬጂስትሪ በሚባለው ጓዳ ውስጥ፣ «ሜኑ ሾው ዲሌይ» በሚል ስም ነው። ስሙን የሰማ ሰው ገብቶ ወደ 50 ያወርደውና ኮምፒውተሩ አዲስ የተገዛ ይመስለዋል። ያልሰማው ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል።

በዚህች ትንሽ ቁጥር ውስጥ ትልቅ ጥያቄ አለ። ገንዘቡን ከፍሎ ኮምፒውተር የገዛ ሰው በገዛ ዴስክቶፑ ላይ ምን ያህል አዛዥ ነው? የአርባ ዓመቱን ታሪክ የተከተለ ሰው መልሱ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ያገኘዋል።

▪️ በሩ ክፍት የነበረበት ዘመን

ሲጀመር የተደበቀ ብዙ ነገር አልነበረም። በ1985 መጨረሻ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ሲወጣ የተጠቃሚው ምርጫዎች የሚጻፉት «ዊን ዶት አይ ኤን አይ» በተባለ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ነበር። ኖትፓድ መክፈት የሚችል ሰው ፋይሉን ያነባል፣ መስመሩን ይቀይራል፣ ሴቭ ያደርጋል። አለቀ።

በዊንዶውስ 3.1 ዘመን ደግሞ «ሲስተም ዶት አይ ኤን አይ» በተባለው ፋይል ውስጥ «ሼል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ዴስክቶፑን የሚያቀርበው ፕሮግራም ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። በማይክሮሶፍቱ ፕሮግራም ፋንታ የሌላ ፕሮግራም ስም የጻፈ ሰው፣ ማሽኑን እንደገና ሲያስነሳ ፍጹም ሌላ መልክ ያለው ዴስክቶፕ ይቀበለዋል። ኖርተን ዴስክቶፕን የመሰሉ በገንዘብ የሚሸጡ ምርቶች የገቡት በዚህች በር ነው።

ያው ዘመን ግን ሌላም ነገር ይዞ መጥቷል። በፕሮግራም ማኔጀር ፋይል ውስጥ እገዳዎች የሚጻፉበት ክፍል ነበር። «ኖ ራን» የሚለው 1 ከተደረገ ተጠቃሚው ፕሮግራምን በስሙ ጠርቶ ማስነሳት አይችልም፤ «ኖ ክሎዝ» 1 ከተደረገ ከዊንዶውስ መውጣት አይችልም። እነዚህ የተዘጋጁት የብዙ ሰው ኮምፒውተር ለሚያስተዳድር የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ስውር ማስተካከያ እንግዲህ ከጥንቱም በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነበር። አንዱ ስለት ለተጠቃሚው ይከፍታል፣ ሌላው በተጠቃሚው ላይ ይዘጋል። ሁለቱ እገዳዎች ኋላ ስማቸውን እንደያዙ ወደ ሬጂስትሪ ተሻግረዋል።

▪️ ሬጂስትሪ መጣ

ኦገስት 24 ቀን 1995 ዊንዶውስ 95 ወጣ። ሬጂስትሪ በዊንዶውስ 3.1 በትንሹ ጀምሮ ነበር፤ አሁን ግን የሁሉ ነገር መዝገብ ሆነ። ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ፋይል እየጣለ ቤቱ ተዝረክርኳል። አንድ የአይ ኤን አይ ፋይል ከ64 ኪሎባይት በላይ መያዝ ይቸግረዋል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የአንዱን ምርጫ ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነበር። አንድ የተደራጀ መዝገብ ይህን ሁሉ ይፈታል።

ዋጋውን የከፈለው ግን ተራው ተጠቃሚ ነው። መዝገቡ በኖትፓድ የሚነበብ አይደለም። መክፈቻው «ሬጅኤዲት» በኮምፒውተሩ ውስጥ ቢኖርም ስታርት ሜኑ ላይ አልተቀመጠም፤ ስሙን አውቆ የጻፈ ብቻ ያገኘዋል። እዚያ ውስጥ የተቀየረ ነገር ወዲያውኑ ይመዘገባል፣ «ይቅር፣ መልስልኝ» የሚባልበት ቁልፍ የለም። የምናሌውን ፍጥነት ሊያስተካክል ገብቶ ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ደስታም ነበረው። ዊንዶውስ 95 ሲነሳ የሚታየው የደመና ሥዕል ስሙ የተቀየረ ተራ የቢትማፕ ሥዕል እንደሆነ ሰዎች ደረሱበት። 320 በ400 የሆነ የራሳቸውን ሥዕል በፔይንት አዘጋጅተው «ሎጎ ዶት ሲስ» በሚል ስም አስቀመጡት። ኮምፒውተሩ በነጋ ቁጥር በልጆቻቸው ፎቶ መነሳት ጀመረ። የሚዘጋበት ሥዕልም እንዲሁ ይቀየር ነበር። ማንም አልፈቀደላቸውም፣ ማንም አልከለከላቸውም።

▪️ የመሐንዲሶቹ የጓሮ በር

ዊንዶውስ 95 ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የዴስክቶፑን ገጽታ የሠሩት የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ራሳቸው «ፓወርቶይስ» የሚል የትንንሽ ፕሮግራሞች ስብስብ በነፃ አወጡ። ከመካከላቸው ስሙ የገነነው «ትዊክ ዩ አይ» ነው። የሾርትከቷን ቀስት ከአይከን ላይ ያጠፋል፣ ሪሳይክል ቢንን ከዴስክቶፕ ያነሳል፣ የዚያን የ400 ሚሊሰከንድ መዘግየትም ወደ ግራና ቀኝ በሚጎተት ነገር ያስተካክላል። ሬጂስትሪ ውስጥ ስሙን አውቆ መግባት የሚጠይቀው ሁሉ እዚህ ጋ ምልክት ማድረግ ብቻ ሆነ።

ድርጅቱ ግን አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል። ይህ መጫወቻ ነው፣ ለደረሰው ጉዳት ድጋፍ አንሰጥም። በዊንዶውስ 98 ሲዲ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር፤ ያም ሆኖ የቤቱ ሙሉ ልጅ አልሆነም። አንዳንዶቹ መጫወቻዎች ግን አድገዋል። በማንኛውም ፎልደር ላይ የትዕዛዝ መስኮት የሚከፍተው ትንሽ መሣሪያ ከዓመታት በኋላ በዊንዶውስ ቪስታ ውስጥ ሺፍትን ተጭኖ ቀኙን ክሊክ ላደረገ ሁሉ ተሰጠ። የፓወርቶይስ ስም ራሱ በ2019 ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንደገና ተነሥቷል።

▪️ ምክር ገበያ ሲወጣ

ስውር ነገር ባለበት ሁሉ ምስጢር ሻጭ አይጠፋም። በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ የ«ኮምፒውተርህን አፍጥን» ምክር መጽሔቱንም ድረ ገጹንም ሞላው። ከሁሉም የታወቀው ዊንዶውስ ከኢንተርኔትህ 20 በመቶውን ይቆርጥብሃል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩን ወደ ዜሮ አውርዶ ፍጥነቴ ጨመረ ብሎ መሰከረ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ያ ቦታ የሚያዘው ቅድሚያ ይሰጠኝ ብሎ ለሚጠይቅ ፕሮግራም ነው፤ ጠያቂው ካልተጠቀመበት ለሌሎቹ ክፍት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን በጽሑፍ ማስረዳት ግድ ሆኖበታል። ምክሩ ግን ከማስተባበያው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ።

ምክንያቱ አይከብድም። መዝገቡ ለተራ ሰው የማይነበብ ከሆነ እውነተኛውን ምክር ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ የለውም። ድብቅነት አዋቂ ብቻ ሳይሆን አስመሳይም ይወልዳል። ዛሬ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የሬጂስትሪ ፋይል ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጎ «የስ» የሚል ሰው፣ ምን እንደፈረመ ሳያነብ ውል የፈረመ ሰው ነው።

▪️ በሩ ሲዘጋ

ሴፕቴምበር 2011 ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 8ን የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ ለፕሮግራም ሠሪዎች ለቀቀ። የለመዱት ስታርት ሜኑ ጠፍቶ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን ገጽ ተተክቶ ነበር። ቀናት ሳይቆጠሩ ሰዎች በሬጂስትሪ ውስጥ «አር ፒ ኢነብልድ» የሚል ስም አገኙ። ከ1 ወደ 0 ሲለወጥ የድሮው ሜኑ ተመለሰ። ጮቤ ተረገጠ። በ2012 መጀመሪያ ቀጣዩ የሙከራ ቅጂ ሲወጣ ግን ያ ቁልፍ አልሠራም፤ የድሮው ሜኑ ከሥሩ ተነቅሏል።

የስውር ማስተካከያ ትልቁ ድክመት የታየው እዚህ ላይ ነው። ማንም ቃል ስላልገባልህ ማንም ቃሉን አላፈረሰም። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይወስደዋል። ሜኑውን ማጣት ያልፈለጉት «ክላሲክ ሼል» ወደተባለው በውጭ ሰው ወደተሠራ ነፃ ፕሮግራም ሄዱ። ማይክሮሶፍትም በ2013 በዊንዶውስ 8.1 የስታርት ቁልፏን፣ በ2015 በዊንዶውስ 10 ደግሞ ሜኑውን መለሰ። የመለሰው ግን የተጠቃሚው ጩኸት ነው፤ ምስጢሯ አይደለችም።

▪️ ቁልፉ መብት ሲሆን

ሁለት ታሪኮች ወደ ሌላ አቅጣጫ ያሳያሉ፤ ሁለቱም ለኢትዮጵያውያን ቅርብ ናቸው።

የመጀመሪያው የፍላሽ ቫይረስ ነው። ፍላሽ ሲሰካ በውስጡ ያለው ፕሮግራም ራሱን በራሱ እንዲያስነሳ የሚፈቅደው «አውቶራን» ለቫይረስ የተነጠፈ ምንጣፍ ነበር። የነቁ ሰዎች በሬጂስትሪ ውስጥ አንዲት ቁጥር 255 አድርገው በሩን በሁሉም ድራይቭ ላይ ይዘጉ ነበር። በ2008 መጨረሻ ኮንፊከር የተባለው ትል ዓለምን ሲያዳርስ አንዱ መንገዱ ይኸው ፍላሽ ነበር። በ2009 ዊንዶውስ 7 ይህን በር ለፍላሽ ከፋብሪካው ዘግቶ መጣ፤ በ2011 መጀመሪያ ደግሞ ለኤክስፒና ለቪስታ በአፕዴት ተላከ። የጥቂቶች ምስጢር የነበረው የሁሉም ጥበቃ ሆነ።

ሁለተኛው የአማርኛ ፊደል ነው። ከዩኒኮድ በፊት በዊንዶውስ ላይ አማርኛ መጻፍ ራሱ ብልሃት ነበር። ፎንት ሠሪዎች የላቲን ፊደላት በተቀመጡበት ቦታ ላይ የግዕዝ ፊደላትን ይሥሉ ነበር። ኮምፒውተሩ የእንግሊዝኛ ፊደል እንደያዘ ያምናል፣ ዓይን ግን «ሀ» ያያል። ብልሃቱ ብዙ መጽሐፍና ጋዜጣ አሳትሟል፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሠሪ ፊደላቱን በየራሱ ቦታ ስላስቀመጠ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፈ ስንት መዝገብና ጽሑፍ ዛሬ ሳይነበብ ተቀምጧል!

በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል 345 የታወቁ ቦታዎችን ሰጠ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒውተር «ሀ» ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራው ብልሃት በዓለም ፊት የተመዘገበ ቦታ ሆነ፤ ብልሃት የሠሪው ሲሻሻል ይፈርሳል፣ የተመዘገበ ቦታ ግን አይፈርስም።

▪️ ዛሬ

ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ታስክባሩን ወደ ስክሪኑ ጎን ወይም ወደ ላይ መውሰድ ተከለከለ፤ በዊንዶውስ 95 ይቻል የነበረ ነገር ነው። ቀኝ ክሊክ ሲደረግ የሚመጣው የድሮ ዝርዝር ከተጨማሪ ክሊክ ጀርባ ገባ። በሬጂስትሪ መመለስ ይቻላል፤ እስከ መቼ እንደሚቻል የሚያውቀው ሠሪው ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት የማይክሮሶፍት አካውንት የግድ ሆነ። ይህን ለማለፍ ሰዎች «ባይፓስ ኤን አር ኦ» የምትባል ትዕዛዝ ይጽፉ ነበር። በማርች 2025 ማይክሮሶፍት ትዕዛዟን ከሙከራ ቅጂው እንዳወጣት ራሱ አስታወቀ። ኢንተርኔት በሌለበት ከተማ ኮምፒውተር ለሚያዘጋጅ ባለሙያ ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው በስውር ማስተካከያ ወደ 11 መሻገር ይችል ይሆናል፤ ነገ አፕዴት ይደርሰው እንደሆነ ግን ዋስትና የለውም።

በአንጻሩ ከማርች 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ያለ ተጠቃሚ ኤጅ ብሮውዘርን ከኮምፒውተሩ ማጥፋትና ቢንግን ከዴስክቶፑ ፍለጋ ማስወጣት ይችላል። ሌላው ዓለም ለዓመታት በሬጂስትሪ ሲታገልበት የኖረውን ለአውሮፓውያኑ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሰጣቸው። ሶፍትዌሩ ያው ነው። የሚለየው ኮምፒውተሩ ሲዘጋጅ የተመረጠው አገር ነው። አዲስ አበባ ያለው ሰው የጎደለው ቴክኖሎጂ ሳይሆን ጠያቂ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ማስተካከያን ተዉ የሚል አይደለም። አሁንም የምናሌውን ፍጥነት ቀይሩ፣ ዴስክቶፑን እንደ ቤታችሁ አስተካክሉ። ሬጂስትሪውን ከመንካታችሁ በፊት «ኤክስፖርት» አድርጋችሁ ቅጂ ያዙ። የቀየራችሁትን በወረቀት ጻፉ። ምን እንደሚያደርግ ያልገባችሁን ፋይል አትክፈቱ። ነገር ግን ምስጢር ማወቅን ከነፃነት ጋር አታምታቱ። የተደበቀ ቁልፍ ብድር ነው፤ አበዳሪው በፈለገ ቀን ይጠይቃችኋል። በግልጽ የተቀመጠ ቁልፍ፣ የተመዘገበ ደረጃና የተጻፈ ሕግ ግን የእናንተ ናቸው። ቀጣዩን ምስጢር ያወቀ ሰው ለጓደኛው ሹክ ካለ በኋላ አንድ ነገር ይጨምር፤ ይህ ለምን ተደበቀ ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቅ።