ኬላና አባን፤ ስለ አማተር ራዲዮ ፈቃድ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

ከሐረር ተነሥቶ በባቢሌ በኩል ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ መንገደኛ ሰፊውን ሜዳ ከማየቱ አስቀድሞ የካራማራን ተራራ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። መንገዱ ተራራውን የሚያቋርጥበት ስፍራ የማርዳ በር ይባላል። ከበርበራ ጠረፍ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት፥ ከሐረርም ወደ ጠረፍ የሚወርደው ነጋዴ ለብዙ ዘመን በዚህ አቅጣጫ ተመላልሷል። ጦርም አልፎበታል። በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች መሽገውበት የነበረውን ይህን በር በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የተሰለፉ የናይጄሪያ ወታደሮች አስለቀቁት። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ከተያዘች በኋላም የኢትዮጵያ ሠራዊት ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ የካቲት 26 ቀን ድል ያደረገው በዚሁ በካራማራ ነው።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያየ አገር በበሩ ላይ ዘበኛ ቢያቆም አይፈረድበትም። ኬላ የሚባለው ነገር የተፈጠረው አላፊውን ለመመርመር፥ ቀረጥ ለመቀበል፥ ክፉውን ከደጉ ለመለየት ነው። ዳሩ ግን ኬላና ግንብ አንድ አይደሉም። ግንብ ሁሉን ይከለክላል፤ ኬላ ግን ጠይቆ ያሳልፋል። ማሳለፉን ትቶ መጠየቁን ብቻ የያዘ ኬላ፥ ስሙ ሳይለወጥ ሥራው የተለወጠ ነው። ይህን ያነሣነው በእግርና በመኪና ስለሚታለፈው በር ብቻ ለመናገር አይደለም። በዓይን የማይታይ፥ ነገር ግን በረኛ ያለው ሌላ በር አለ፤ ይኸውም አማተር ራዲዮ የሚባለው ሥራና ፈቃዱ ነው።

አማተር ራዲዮ ማለት አንድ ሰው ገንዘብ ሳይፈልግ፥ ለትምህርትና ለሥራው ፍቅር ሲል ብቻ፥ ማሰራጫና መቀበያ አቁሞ በሩቅ አገር ካለ መሰሉ ጋር በሞርስ ምልክት ወይም በድምፅ የሚነጋገርበት ነው። ማንም እንደ ፈቀደ የሚገባበት አይደለም። መንግሥት የአመልካቹን ዕውቀት መርምሮ ፈቃድና የመጥሪያ ምልክት ይሰጠዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ ሦስት ኤ ኤ» በሚለው ምልክቱ በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎችም የራዲዮን ሥራ ሲለማመዱበት ቆይተዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደግሞ ለአማተሮች ደንብ አለው። አማተር ትርጉሙን በሚሰውር ምሥጢራዊ ቋንቋ እንዲነጋገር አይፈቀድለትም፤ በየጊዜውም የመጥሪያ ምልክቱን ማሰማት ይገባዋል። እንግዲህ ፈቃድ ያለው አማተር ስሙ የታወቀ፥ ንግግሩም ለሰሚ ሁሉ የተገለጠ ሰው ነው።

አዲስ ነገርንና አዲስ ሰውን በጥርጣሬ ማየት በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ስልክ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፥ ሰው በሌለበት የሚሰማው ድምፅ የርኩስ መንፈስ ነው ብለው የተቃወሙ ካህናት እንደነበሩ ሲተረክ ኖሯል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አልተመለሱም፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። ሽቦ የሌለው መልእክት በመጣ ጊዜም ሕዝቡ «ነፋስ ስልክ» የሚል መልካም ስም አወጣለት። ጣቢያው የቆመበት የአዲስ አበባ ሠፈር እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በመጀመሪያ የተፈራው ነገር ኋላ የሠፈር ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የአማተሮች ታሪክ ደግሞ ስለ ኬላ የሚያስተምረን ብዙ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ታይታኒክ የተባለው መርከብ ከሰጠመ በኋላ፥ በአየር ላይ ያለው የምልክት ሁከት ሥርዓት እንዲበጅለት የብዙ ሰው ጩኸት ሆነ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የአሜሪካ መንግሥት የራዲዮ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ተፈላጊው ረዥም ሞገድ ለመርከቦች፥ ለባሕር ኃይልና ለኩባንያዎች ተከለለ፤ ለአማተሮች ግን ከ200 ሜትር በታች ያለው አጭር ሞገድ ተተወላቸው። ተተወላቸው ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት አጭር ሞገድ ሩቅ አይደርስም፥ ለቁም ነገርም አይረባም ይሉ ነበርና።

ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። የተገፉት አማተሮች በተጣለላቸው ሞገድ ሌሊት እየነቁ መሞከራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1921 የአሜሪካ አማተሮች ምልክት በስኮትላንድ ተሰማ። በኅዳር 1923 ደግሞ አንዱ በአሜሪካ፥ ሌላው በፈረንሣይ ሆነው በ110 ሜትር ገደማ ሞገድ የአትላንቲክን ውቅያኖስ አሻግረው ተነጋገሩ። ከዚህ በኋላ አይረባም የተባለውን ሞገድ መንግሥታትና ኩባንያዎች ተሻሙበት። የእኛም አገር ከዚህ ፍሬ ተካፍላለች። የፋሺስት ወረራ በተቃረበበት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከአቃቂ ጣቢያ ድምፃቸውን ወደ አሜሪካ ያሰሙት በአጭር ሞገድ ነበር።

ክቡራን አንባቢያን፤ በሌላው የተገፋ ሰው እርሱ በተራው አይገፋም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሰው ጠባይ ግን እንዲህ አይደለም። አማተሮች ማኅበር አቋቁመው፥ ፈቃድ አግኝተው፥ በአየሩ ላይ ባለቤት ከሆኑ በኋላ፥ አዲስ መጪውን በትዕቢት የሚመለከቱ ከመካከላቸው ተነሡ። የክርክሩ ዋና ምክንያት የሞርስ ፈተና ነበር። በአሜሪካ ከፍ ያለውን ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በደቂቃ 13፥ ለመጨረሻው ማዕረግም 20 ቃል በሞርስ መቀበል ነበረበት። ይህ ፈተና ሲወጣ በቂ ምክንያት ነበረው። የሰጠመ መርከብ የድረሱልኝ ምልክት ሲያሰማ፥ በአቅራቢያው ያለ አማተር ምልክቱን ሰምቶ አየሩን መልቀቅ እንዲችል ሞርስ ማወቅ ያስፈልገው ነበር።

ዘመን ግን አለፈ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የመርከቦች የአደጋ ጥሪ በሳተላይትና በአዲስ መሣሪያ የሚካሄድ ሆነ። የጥያቄው ምክንያት ሞተ፤ ጥያቄው ግን በኬላው ላይ ቆሞ ቀረ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ ሞርስን ባስቀረች ጊዜ፥ ያለ ሞርስ የገቡትን አዲሶች አማተሮች እንደ ሙሉ ባልንጀራ ለመቀበል ያልወደዱ ነባሮች ብዙ ነበሩ። በ2003 በጄኔቫ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሞርስን ፈተና ለየመንግሥታቱ ፈቃድ ተወው፤ አሜሪካም በ2007 ፈጽማ አስቀረችው። ነባሮቹ «እኛ በላባችን ያገኘነውን እነዚህ በነጻ ወሰዱት» ማለታቸው ለሰሚው እውነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፈተና የሚወጣው ለሥራው እንጂ ለፈታኙ ክብር አይደለም። ሥራው የማይፈልገውን ፈተና፥ እኔ አልፌበታለሁ ብሎ ማጽናት ኬላን ወደ ግንብ መለወጥ ነው።

እንግዲህ ፈተና ከንቱ ነው፥ በሩ ያለ ጠባቂ ይከፈት ማለት ነውን? አይደለም። የተሻለውን ሥርዓት ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከራሱ ከካራማራ አገር እናገኘዋለን።

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ «አባን» የሚባል ሰው ነበር። እንግዳ ነጋዴ ወይም ተጓዥ ወደማያውቀው ጎሣ ምድር ሲገባ አባን ይይዛል። አባኑ መንገድ ያሳየዋል፤ ቋንቋ ያስተረጕምለታል፤ ገበያውን ያስማማለታል፤ ከሁሉ በላይ ዋስ ይሆነዋል። እንግዳው ቢበደል የአባኑና የወገኖቹ ክብር ይነካል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ በጥር 1855 ሐረር ሲገባ የተጓዘው በዚህ ልማድ ነው፤ በመጽሐፉም የአባንን ሥራ በዝርዝር ገልጦታል። አባን ሁሉ ቅን ነበር ለማለት አይደለም፤ ከእንግዳው ላይ ከሚገባው በላይ የሚወስድም አይጠፋም ነበር። ሆኖም የልማዱ አሳብ ታላቅ ነው። መጤውን በደፈናው አይከለክልም፤ ያለ ተጠያቂም አይለቀውም። የሚያስተምረውና ስለ እርሱ የሚመልስ ሰው ይሰጠዋል።

በአማተሮችም ዘንድ ከነባሮቹ የተሻሉት ያደረጉት ይህንኑ ነው። አዲሱን ሰው ወደ ቤታቸው ጠርተው አንቴና መስቀል፥ መሣሪያ መጠገን፥ በአየር ላይ ሰውን በጨዋነት ማነጋገር አስተምረውታል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን አስተማሪ «ኤልመር» ይሉታል። በካራማራ ቋንቋ ብንጠራው አባን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥንቃቄው ምክንያት እንዳለው አንክድም። ጦር ሁለት ሦስት ጊዜ ያለፈበት የድንበር አገር የማይታወቅ ማሰራጫ ቢያሳስበው ትክክል ነው። ሕጉም ጠንካራ ነው፤ የቴሌኮምን የማጭበርበር ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ በሚይዝ ሰው ላይ የእሥራት ቅጣት ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የአየር ሞገድን እንዲያስተዳድር ተሹሟል። በረኛም ሕግም አለ ማለት ነው።

ነገር ግን የኬላን ሥራ ከጅግጅጋና ከቶጎ ውጫሌ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ኬላው ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ ነጋዴው በኬላው ያልፋል፤ ኬላው ግንብ ሲሆን ግን ነጋዴው በጫካ ያልፋል፥ ስሙም ኮንትሮባንድ ይሆናል። የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈረሰ በኋላ፥ የተበተነው ሕዝብ «ታር» በሚባል የአጭር ሞገድ ራዲዮ ዘመዱን ይፈልግ ጀመር። በኬንያ በዳዳብ የስደተኞች ሠፈር ሰዎች ተራ ይዘው ስለ ልጃቸውና ስለ ወንድማቸው ይነጋገሩበት ነበር። ይህ አማተርነት አልነበረም፤ ችግር የወለደው ንግድ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ያስረዳል። ሶማሌ ሰው ሲገናኝ የሚጠይቀው «ኢስ ካ ወረን» ብሎ ነው፤ ስለ ራስህ ወሬ ንገረኝ ማለት ነው። ወሬ የሕይወቱ መጠበቂያ የሆነ ሕዝብ በሩ ቢዘጋበት ሌላ በር ይፈልጋል። በዚያ በሌላው በር የሚያልፈው ድምፅ ግን የመጥሪያ ምልክት የለውም፤ መንግሥትም ማን እንደሆነ አያውቀውም።

ምናልባት «ዛሬ ስልክ በሁሉ እጅ ነው፤ አማተር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ እንናገር። በሕንድ ውቅያኖስ ያሉት የአንዳማን ደሴቶች ጥብቅ የጠረፍ ምድር ናቸው። የሕንድ መንግሥት በዚያ የአማተር ራዲዮ ሥራን ለብዙ ዓመታት አልፈቀደም ነበር። ከብዙ ምልጃ በኋላ ፈቃዱ ተገኘና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ጥቂት አማተሮች መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ፖርት ብሌይር ሄዱ። ወሩ ሳያልቅ ታላቁ የምድር መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ደረሰ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ለጨዋታ መጡ የተባሉት አማተሮች የደሴቶቹንና የዋናውን አገር ሰዎች ማገናኘት ያዙ፤ የጠፉ ሰዎችን ወሬ ለቤተሰብ አደረሱ። ፈቃዱ ለጥቂት ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን፥ ማዕበሉ በመጣ ጊዜ በስፍራው አይገኙም ነበር። ያን ወረቀት የፈረመው ሹም ምን እየፈረመ እንደነበር በዚያች ቀን አላወቀም።

ክቡራን አንባቢያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ናችሁ። የሚመጣላችሁ ማመልከቻ የራዲዮ ላይሆን ይችላል፤ የመሬት፥ የንግድ፥ የትምህርት ሊሆን ይችላል። ከጠረጴዛው ወዲያ የቆመው ሰው ግን ሁልጊዜ አዲስ መጪ ነው፤ ወዲህ ያለው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ነባር ነው። ስለዚህ ማኅተሙን ከማንሣታችሁ ወይም ከማስቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። የምጠይቀው ጥያቄ የወጣበት ምክንያት ዛሬም በሕይወት አለን? ይህ ሰው የሚጎድለውን የሚያስተምረው አባን አለውን? ብከለክለውስ በየት በኩል ያልፋል?

ነገ አንድ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በአምስት ኪሎ እንዳለው ያለ የራዲዮ ክበብ ለማቋቋም ቢያመለክት፥ ጉዳዩን የሚመረምረው ሰው የካራማራን ታሪክ ሁሉ ያስታውስ። ጦር ያለፈበትን ዘመን አስታውሶ በጥንቃቄ ይመርምር፤ ቅፍለትና አባን ያለፉበትንም ዘመን አስታውሶ ለተማሪው አስተማሪ ይፈልግለት። የዚያ አገር ድርቅ፥ ጎርፍና የመንገድ ርቀት የታወቀ ነው። ችግር በመጣ ቀን መሣሪያውን የሚያውቅ፥ ስሙ በመዝገብ ያለ ሰው ከተፈለገ፥ ያ ሰው ችግሩ ከመምጣቱ አስቀድሞ ፈቃዱን ያገኘ መሆን አለበት።